የሆድ አኦርታን በምን እናስለካ? አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ

ጋሼ «ያጨሳሉ?» ሲባሉ መልሳቸው «ኧረ በጭራሽ!» ነው። ሲጋራ የሚይዙት በርጫ ላይ ብቻ ነዋ። በርጫው ግን በሳምንት አራት ቀን ነው። ይኸው አርባ ዓመት አለፈው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ 68 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ክረምት ሽንት አስቸገራቸውና እዚሁ ጅማ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ለፕሮስቴት ተብሎ አልትራሳውንድ ታዘዘ። ባለሙያው ጠንቃቃ ሰው ነበር። የታዘዘውን ጨርሶ እግረ መንገዱን ሆዳቸውንም ቃኘት አደረገ። ውጤቱ ግርጌ ላይ አንዲት መስመር ተጨመረች፦ የሆድ አኦርታ 3.4 ሴንቲ ሜትር፣ ክትትል ያስፈልጋል።

ይህቺ መስመር ቤቱን አተራመሰችው። አንዱ «ሲቲ ስካን ይነሱ» ይላል። ሌላው «ኤምአርአይ እያለ ምን ሲቲ ስካን አመጣው» ይላል። አክስቴ ለአዲስ አበባ ጉዞ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመሩ። በመጨረሻ ገንዘብ ተዋጣና በሳምንቱ ሲቲ ስካን ተነሱ። ውጤቱ 3.6 ሆኖ መጣ። «በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትር አደገ!» ብለን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣን። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ወረቀት ያየው ሐኪም ፈገግ ብሎ «ምንም አላደገም። የተለየው መሣሪያው ነው» አለን።

ያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። ማሽን ከመምረጣችን በፊት ጥያቄያችንን ማወቅ ነበረብን። «አለ ወይስ የለም?» አንድ ጥያቄ ነው። «አደገ ወይ?» ሌላ ነው። «እንዴት እንጠግነው?» ደግሞ ሌላ። ለሦስቱም መልስ የሚሰጠው ማሽን አንድ አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

አኦርታ ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ደረትን አቋርጦ ሆድ ውስጥ ይገባና እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለቱ እግር ይከፈላል። ሆድ ውስጥ ያለው ክፍል ስፋቱ በአብዛኛው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ደክሞ ሲለጠጥና 3 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ አኑሪዝም ይባላል። ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ አንድ ቦታ ላይ ሲያብጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ በሉት።

ክፋቱ አያምም። ለዓመታት ምንም ሳይናገር በአማካይ በዓመት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያድጋል። የሚናገረው ሊፈነዳ ሲል ነው። ከፈነዳ ደግሞ አብዛኛው ሰው አይተርፍም፤ ብዙው ሆስፒታል እንኳ ሳይደርስ ይሞታል። አልበርት አንስታይንን የገደለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እብጠቱ በሴሎፎን ተጠቅልሎ ነበር። ከስድስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1955 ፈነዳ። 76 ዓመቱ ነበር፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም አለ። ፒፓ ከአፉ የማይለይ ሰው እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ማን ይለካ?

ሁሉም ሰው ተነስቶ ይመርመር አይባልም። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆኑና በሕይወታቸው ያጨሱ ወንዶች አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታዩ ይላል። እንግሊዝ ደግሞ ያጨሰ ያላጨሰ ሳትል ወንዶችን ሁሉ 65 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ትጠራለች። እነዚህ መመሪያዎች በነዚያ አገሮች ሰዎች ላይ ተለክተው የወጡ ናቸው፤ እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት የጥሪ ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ጠያቂው ራሳችን ነን።

«ያጨሱ» የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል። አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት በዕድሜ ልክ 100 ሲጋራ ነው። 100 ሲጋራ ማለት አምስት ፓኬት ነው! «ጫት ላይ ብቻ ነው የማጨሰው» የሚል ሰው በዚህ ስሌት አጫሽ ነው። «ድሮ ትቼዋለሁ» የሚለውም ይቆጠራል። አደጋው ካቆሙ በኋላ በዓመታት ይቀንሳል እንጂ በአንድ ቀን አይጠፋም። ጋያ የሚስቡ ሽማግሌዎችም «ይሄ ሲጋራ አይደለም» ይላሉ። ጋያም ትምባሆ ነው፤ ውሃ ውስጥ ማለፉ ጭሱን ንጹሕ አያደርገውም። ሐኪሙ ሲጠይቅ ስለ ሲጋራ ብቻ ከጠየቀ፣ ጋያውን እናንተ ንገሩት።

ከሲጋራ ቀጥሎ ዕድሜና ወንድነት አለ። ከዚያ ቤተሰብ። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት አኑሪዝም ከነበረባቸው አደጋው ከፍ ይላል። የደም ግፊትና የደም ሥር በስብ መጥበብም ይጨምሩታል። አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ አኑሪዝም ያነሰ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስኳሬ ጠበቀኝ ብሎ የሚደሰት ካለ ግን ስኳሩ በሌላ በኩል ሒሳቡን ያወራርዳል።

ሴቶችስ? በጣም ያነሰ ነው የሚይዛቸው። ከያዛቸው ግን በትንሽ ስፋት ይፈነዳል። አጭሳ የማታውቅና በቤተሰቧ የሌለባት ሴት ያለ ምልክት እንድትመረመር አይመከርም። ያጨሰች ወይም እህት ወንድሟ ያለባት ግን ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገርበት ጥሩ ነው። ወጣቶች ላይ ከታየ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በዘር የሚወረስ የሰውነት አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ድክመት ወይም የቧንቧው ግድግዳ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እዚህ አልገባበትም።

እጅ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ፣ ኤምአርአይ

በርካሹ እንጀምር። ሐኪም በእጁ ሆድ ሲዳብስ የሚመታ እብጠት ሊያገኝ ይችላል። ላያገኝም ይችላል። በጥናት የታየው እንዲህ ነው፦ ከ3 እስከ 3.9 ሴንቲ ሜትር ከሆኑት በእጅ የተገኙት 29 በመቶ ናቸው፤ ከ4 እስከ 4.9 ከሆኑት 50 በመቶ፤ ከ5 በላይ ከሆኑት 76 በመቶ። ቦርጭ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። በተቃራኒው ቀጭን ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ ሆዱ ሲመታ ቢያይ አይደንግጥ፤ ጤነኛ አኦርታም ይመታል። ጥያቄው ስፋቱ ነው።

ራጅ ለዚህ አይሆንም። አንዳንዴ የቧንቧው ግድግዳ ካልሲየም ተጠራቅሞበት እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ለወገብ ሕመም በተነሳ ራጅ ላይ እንዲህ ተገኝቶ የተረፈ ሰው አለ። ግን ራጁ ላይ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ለ«አለ ወይስ የለም?» እና ለ«አደገ ወይ?» መልሱ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ኩላሊት አይነካም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። አኑሪዝም ካለ እምብዛም አያመልጠውም። ልየታ፣ ማለትም ምልክት የሌለውን ሰው አስቀድሞ መመርመር፣ ሕይወት ያተርፋል የተባለውም በእሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 67,800 ወንዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ነበር፤ የተጠሩት ሰዎች ላይ በአኑሪዝም መሞት ከአራት ዓመት በኋላ በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ያ ሁሉ የተሠራው በቀላሉ ማሽን ነው። እኛ ጋ «አልትራሳውንድ የእርጉዝ ነው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው ይህን ያህል የምደክመው።

ድክመትም አለው። አንጀት ውስጥ ጋዝ ከሞላ አኦርታ አይታይም። ስለዚህ ጠዋት ባዶ ሆድ ይኬዳል፤ ምግብ ሳይበሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓታት ያህል ቆይቶ። ውሃ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ማታውን ባቄላና ሽምብራ ማብዛት ጥሩ አይደለም። ሁለተኛው ድክመት የሚለካው ሰው ነው። አንዱ ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ ይለካል፣ ሌላው ከውስጥ እስከ ውስጥ። በዚህ ብቻ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክትትሉን በተቻለ መጠን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት ማሽን ማድረግ። የድሮውን ወረቀት ይዞ መሄድም አይረሳ።

አንድ ትልቅ ነገር ልጨምር። «የሆድ አልትራሳውንድ» ተብሎ ሲታዘዝ ባለሙያው ጉበት፣ ሐሞት፣ ኩላሊት አይቶ ሊያበቃ ይችላል። አኦርታን ልኮ ላይጽፍ ይችላል። የእኛ ጋሼ ዕድለኛ ነበሩ። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «አኦርታ ይለካ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። ውጤቱ ላይ «ኖርማል» ከሚል ቃል ይልቅ ቁጥር ፈልጉ። ሚሊ ሜትርና ሴንቲ ሜትርንም ለዩ፤ 34 ሚሊ ሜትር ማለት 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎረቤታችን 34 የሚለውን አይተው ሊያለቅሱ ነበር።

ሲቲ ስካን ሌላ ሥራ አለው። ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ እብጠቱ ከኩላሊት ቧንቧዎች ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወደ እግር የሚወርዱት ቧንቧዎች እንዴት እንደሆኑ ያሳያል። ለዚህ በደም ሥር ቀለም ይሰጣል። ሊፈነዳ ነው ወይም ፈሷል ተብሎ ሲጠረጠርም የሚያሳየው እሱ ነው። አልትራሳውንድ አኑሪዝሙን ያሳያል እንጂ መፍሰሱን አስተማማኝ ሆኖ አይለይም። ዋጋው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጨረር አለው፣ ቀለሙም የደከመ ኩላሊት ላይ ሊከብድ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ይታይ። በአማካይ ደግሞ ከአልትራሳውንድ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚለካው። የኛ «ሁለት ሚሊ ሜትር» ምንጩ ይህ ነበር። ሳያስፈልግ መነሳታችን ጋሼን አልጎዳቸውም፤ ኪሳችንን ነው የጎዳው።

ኤምአርአይን ቶሎ ልለፈው። ጨረር የለውም፣ ሥዕሉ ጥሩ ነው። ግን ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መተኛትን ይጠይቃል፣ ብዙ ዓይነት የልብ ምት መሣሪያ ላለበት ሰው ያስቸግራል፣ የካልሲየም ክምችትን በደንብ አያሳይም። ሲቲ የማይቻልበት ሰው ሲገኝ ይታሰባል። ለልየታ የሚመርጠው የለም።

በአጭሩ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ምልክት የሌለው ሰው በሲቲ ስካን ከጀመረ በግ ለማረድ ጎራዴ መዞ ነው።

ቁጥሩ ሲመጣ

ከ3 በታች ከሆነና 65 ዓመት ካለፋችሁ ለአብዛኛው ሰው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። 2.5 እስከ 2.9 ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ ይታይ የሚሉ አሉ።

ከ3 በላይ ከሆነ ክትትል ይጀመራል። እዚህ ላይ አገሮች አይስማሙም። የአሜሪካ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር 3 እስከ 3.9 የሆነውን በሦስት ዓመት አንዴ፣ 4 እስከ 4.9 የሆነውን በዓመት፣ 5 እስከ 5.4 የሆነውን በስድስት ወር ይላል። እንግሊዞች 3 እስከ 4.4 በዓመት፣ 4.5 እስከ 5.4 በሦስት ወር። የጋሼ ሐኪም በዓመት ይሁን አለ። አልተከራከርንም። ርካሽ ምርመራ ነው፤ ሦስት ዓመት ደግሞ ለመርሳት የተመቸ ጊዜ ነው።

ወንድ ላይ 5.5፣ ሴት ላይ 5 ገደማ ሲደርስ ጥገና ይታሰባል። በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካደገ ወይም ማመም ከጀመረም እንዲሁ። ለምን ቀድሞ አይቆረጥም? ይህን ጋሼም ጠይቀዋል፤ «ካለ ይውጣልኝ» ነው ያሉት። እንግሊዝም አሜሪካም ሞክረውታል። ከ4 እስከ 5.5 ያሉትን ቀድመው ቀዶ ሕክምና ያደረጉላቸው ሰዎች በአልትራሳውንድ ከተከታተሏቸው ሰዎች በላይ አልኖሩም። በዚያ መጠን የመፈንዳት ዕድሉ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከዚያ የሚበልጥ አደጋ አለው።

እስከዚያው ሥራው እዚህ ቤት ነው። ሲጋራ ማቆም ከሁሉም ይቀድማል፤ እድገቱን የሚያፋጥነው እሱ ነውና። ግፊት ማስለካት፣ የታዘዘውን የግፊትና የኮሌስትሮል ኪኒን አለማቋረጥ። ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ ሲፕሮ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ የሆኑ አንቲባዮቲኮች አኑሪዝም ያለበት ሰው ላይ ቧንቧውን ሊያባብሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አስጠንቅቋል። እኛ ጋ ለሽንት ማቃጠልም ለተቅማጥም ቀድሞ የሚጠራው ሲፕሮ ነው። ጋሼ በሽንታቸው ምክንያት ስንት ጊዜ እንደወሰዱ ይቁጠሩት! አሁን ፋርማሲ ሲሄዱ «አኑሪዝም አለብኝ» ይላሉ። ፋርማሲስቱ መጀመሪያ ቀን ግር ብሎት ነበር፤ ሲገባው ግን ሐኪሙ ሌላ እንዲያዝላቸው መለሳቸው።

ጥገና የሚያስፈልገው ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሆድ ተከፍቶ የተለጠጠው ቦታ በሰው ሠራሽ ቱቦ የሚተካበት ነው። ከባድ ነው፣ ማገገሙም ረጅም ነው፤ ግን አንዴ ከዳኑ ብዙም አይመላለሱም። ሌላው በብሽሽት በኩል በሽቦ የተደገፈ ቱቦ ገብቶ ከውስጥ የሚዘረጋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ላይ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሞቱት በዚህኛው 1.7 በመቶ፣ በክፍቱ 4.7 በመቶ ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። በብሽሽት የገባው ቱቦ ጎኑ ሊያፈስ ስለሚችል ዕድሜ ልክ በምስል መታየት አለበት። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። ከዴዶ ወይም ከሊሙ ለሚመጣ ገበሬ ግን «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል የትራንስፖርት ዋጋ አለው። ምርጫው ሲቀርብላችሁ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ለተለመደው ክትትል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ላይ ይወጣል፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ በተለይ ሪፈሩን አትዝለሉት፣ ያለሱ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይዞራል። ለደቡብ ምዕራቡ ትልቁ የሪፈራልና የማስተማሪያ ሆስፒታል የጅማ ዩኒቨርሲቲው ነው። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ መውጣት ከመጣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀጠሮ ሲኬድ የአንድ ቀን ድካም ነው። ቧንቧው ከፈሰሰ በኋላ ግን ያ መንገድ አያልቅም።

ማመዛዘን የማያስፈልግበት ቀን

ዕድሜው የገፋ ሰው፣ በተለይ አጫሽ፣ ድንገት ሆዱን፣ ጀርባውን ወይም ጎኑን ክፉኛ ሲያመው፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ ራሱን ሲስት «ብርድ ነው» አትበሉ። የኩላሊት ጠጠር መስሎ ሐኪምንም የሚያታልል ሕመም ነው። ወጌሻ ጠርቶ ሆድ ማሳሸት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር ጊዜ ይበላል። ደም መስጠት የሚችሉ ሁለት ሦስት ዘመዶች አብረው ይሂዱ። አኑሪዝም እንዳለበት የሚታወቅ ከሆነ በር ላይ መጀመሪያ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ያ ይሁን። ግፊቱ ከወረደ ሐኪሞቹ ሲቲ ስካን ሳይጠብቁ ወደ ቀዶ ክፍል ሊያስገቡት ይችላሉ። «ሳይነሳ እንዴት?» ብላችሁ አትከራከሩ።

ጋሼ ቁጥራቸውን፣ የተለኩበትን ቀንና ሲፕሮ እንዳይሰጣቸው የሚል መስመር በወረቀት ጽፈው ከመታወቂያቸው ጋር ይይዛሉ። ሲጋራውን ቀንሰዋል። አቁመዋል ብል ይዋሻል ይሉኛል። በርጫ ላይ ሌሎች ሲያጨሱ በርጩማቸውን ወደ በሩ ሳብ አድርገው ይቀመጣሉ።

አሁን ተራው የአባቴ ነው። 66 ዓመታቸው ነው፤ ሲጋራ ነክተው አያውቁም። ግን ወንድማቸው አለባቸው። ሁለት ወር ከለመንኳቸው በኋላ እሺ አሉ። ሐሙስ ስላቸው «ገበያ ነው» አሉ፣ ዓርብ ስላቸው «ጁምዓ ነው» አሉ። በመጨረሻ ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። አኦርታው አላሳሰባቸውም። ያሳሰባቸው ጅማ ላይ ሆኖ ቡና ሳይጠጡ ከቤት መውጣት ነው።